የሸክም ተሸካሚዎች ዝለት፦ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ድብርትና የመሥሪያ ቤቶች ምላሽ

በአገራችን ባህል ኀዘንም ሆነ ከባድ ሥራ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሰው ሲሞት እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት እንጀራውን ይዞ ይመጣል፤ ወዳጅ ዘመድ ሰንብቶ ያስተዛዝናል። አዝመራ ሲደርስም አንድ ገበሬ ብቻውን የማይዘልቀውን ማሳ ደቦ ወጥቶ በአንድ ቀን ያጭደዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ይህንኑ በአጭሩ ይገልጸዋል።

አንድ ዓይነት ሸክም ግን ከዚህ ሥርዐት ውጭ ቀርቷል። እርሱም የሌላውን ሰው ችግር መስማትና መፍትሔ መፈለግ መተዳደሪያው የሆነ ሠራተኛ የሚሸከመው ነው። ይህ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የሰማውን ማታ በቡና ሰዓት ለጎረቤቱ ሊያወራው አይችልም፤ የሙያ ምስጢር ነውና። ስለዚህ ሃምሳውንም ሎሚ ብቻውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሠራተኛ በድብርት ሲታመም መሥሪያ ቤቱ ምን ያደርጋል? ምንስ ማድረግ ይገባው ነበር? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሳይንስ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠውን መልስ ለአንባብያን ማቅረብ ነው። የጸሐፊው ሙያ ፊዚክስ በመሆኑም ለማብራሪያ የሚሆን አንድ ምሳሌ ከብረትና ከባቡር ለመዋስ ይፈቀድለት።

ሠራተኞቹ እነማን ናቸው?

በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ሥራ ሙያ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ዳግመኛ ተከፈተ። ከዚያም ወዲህ ጎንደርና ባሕር ዳርን ጨምሮ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል። ትምህርቱ ተቋርጦ በቆየባቸው ሠላሳ ገደማ ዓመታት ግን ሥራው አልተቋረጠም። በድርቅና በጦርነት የተፈናቀሉትን፣ ወላጆቻቸውን በኤች አይ ቪ ያጡትን ሕፃናት፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ሲደግፉ የኖሩት በሌላ የሥራ መጠሪያ የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ የሚከናወነው በእንዲህ ያሉ ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነው።

ግንደወይንን ለምሳሌ እንውሰድ። ግንደወይን በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል የምትገኝ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በሰሜን በኩል እስከ ዓባይ ወንዝ ይዘልቃል። ስለዚህ በሥራ ምክንያት ከደጋው ወደ ቆላው ወርዶ መመለስ የሰዓታት የእግር መንገድ የሚጠይቅበት አካባቢ አለው። እንደ ሌሎቹ የገጠር ወረዳዎች ሁሉ በዚህም ከሁሉ ቀድማ ወደ ቤተሰቡ ደጃፍ የምትደርሰው የመንግሥት ሠራተኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታቀደው 5,000 ያህል ሕዝብ ለሚኖርበት አንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞችን ለመመደብ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ድረስም ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው ተሰማርተዋል። ሲጀመር 16 የነበሩት የአገልግሎት ፓኬጆች በኋላ 18 ደርሰዋል።

በፓኬጆቹ ዝርዝር ውስጥ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የመጸዳጃ ቤት ቁፋሮና የመሳሰሉት በግልጽ ሰፍረዋል። ይሁን እንጂ በር አንኳኩቶ የሚገባ ሰው የሚያገኘው በዝርዝሩ የተጻፈውን ብቻ አይደለም። ስለ ክትባት ልትጠይቅ የገባችው ሠራተኛ በባልዋ የተደበደበች ሴት ታገኛለች። በሌላው ቤት ከትምህርት ቤት ቀርታ ልትዳር የተዘጋጀች ታዳጊ፣ በሦስተኛው ደግሞ በወሊድ ልጇን ያጣች እናት ትጠብቃታለች። ጉዳዩ ከበድ ሲል ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል። በዚያ የሚሠሩት ጥቂት ባለሙያዎች የአስገድዶ መድፈርን፣ የሕፃናት መጣልንና የመፈናቀልን ጉዳይ ተራ በተራ ይሰማሉ።

በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት ይህ ሥራ በእጅጉ ከብዷል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው የትጥቅ ግጭት ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ በብዙ አካባቢዎች የተጎጂውን ቁጥር አብዝተዋል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛዋ ከውጭ መጥታ የምትረዳ እንግዳ አይደለችም። መንገድ ሲዘጋ የሚዘጋው በእርሷም ላይ ነው፤ ተኩስ ሲሰማ የምትጨነቀው ለራሷም ልጆች ነው። አገልጋይና ተገልጋይ በአንድ ጉዳት ውስጥ ሆነው ይገናኛሉ።

ድብርት ምንድን ነው?

በዕለታዊ ንግግራችን «ዛሬ ድብር ብሎኛል» እንላለን። ይህ የሚመጣና የሚሄድ ስሜት ነው። በሕክምናው ቋንቋ ድብርት፣ አንዳንዶች ድባቴ የሚሉት፣ ከዚህ የተለየ ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚቆይ የስሜት መውደቅ ወይም ቀድሞ ደስ ይል ለነበረ ነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት ዋና ምልክቱ ነው። ከዚሁ ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ አቅም ማጣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ያለ ምክንያት ራስን መውቀስና ሞትን ማሰብ ሊከተሉ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በድብርት ይኖሩ እንደነበር ገምቷል። በኢትዮጵያ በዘጠኝ ክልላዊ መስተዳድሮች 4,925 አዋቂዎችን ያካተተ የጤና ጥናት መረጃ ተተንትኖ ከመቶው 9 ያህሉ የድብርት ምልክቶች እንዳሉባቸው አሳይቷል። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በብዛት መታየቱም በብዙ አገሮች የተረጋገጠ ነው።

በአገራችን ድብርት ያደረበት ሰው «አዝኛለሁ» ብሎ ወደ ሐኪም የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው። የሚናገረው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ሰውነት መክበድ፣ ስለ ማቃጠል ወይም ስለ ልብ መምታት ነው። በዚህም ምክንያት ሕመሙ በጨጓራ ወይም በደም ማነስ ስም ሲታከም ይቆያል። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ደግሞ የራሷን ምልክት የምትገልጸው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ነው፤ «ደከመኝ» ትላለች።

ድካም የሚለው ቃል ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው የሥራ ዝለት ነው። ቃሉን ለሰው ሠራተኛ በማዋል እ.ኤ.አ. በ1974 የጻፈው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ ነበር። ክርስቲና ማስላክና የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 መለኪያ አበጁለት። እነርሱ እንደሚሉት ዝለት ሦስት ገጽታዎች አሉት፦ የስሜት መሟጠጥ፣ ተገልጋይን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ጉዳይ መቁጠርና የሠሩት ሁሉ ከንቱ ሆኖ መታየት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አላለውም። ሁለተኛው ቻርልስ ፊግሊ እ.ኤ.አ. በ1995 በሰፊው የጻፈበት የርኅራኄ ዝለት ነው። ይህ የሌላውን ሰው መከራ ደጋግሞ ከመስማት የሚመጣ ቁስል ነው፤ ሠራተኛው ያላየውን ነገር በሕልሙ እስከ ማየት ሊደርስ ይችላል። ሦስተኛው ራሱ ድብርት ነው። ዝለት በአብዛኛው ከሥራው ቦታ ጋር የተቆራኘ ሲሆን ድብርት ግን ሰውዬውን በበዓል ቀንም፣ በልጁ ክርስትናም፣ በእረፍቱም ይከተለዋል። ሦስቱ ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳይታከሙ ሲቆዩም ለሦስተኛው በር ሊከፍቱ ይችላሉ።

ድብርትን ለመለየት በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስለሚሰጠው ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። የፊዚክስ ተማሪ እንደሚያውቀው ማንኛውም መለኪያ በአዲስ ቦታ ከመሥራቱ በፊት መስተካከል አለበት። ይህም መጠይቅ በአገራችን ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው የአዲስ አበባ ሆስፒታል ጥናት ሕመምተኛውን ከጤነኛው የሚለየው ወሰን 10 ነጥብ ሆኖ ሲገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው የቡታጅራ ጤና ጣቢያዎች ጥናት ግን 5 ነጥብ ሆኗል። አንዱ መለኪያ በሁለት ቦታ በሁለት ወሰን መነበቡ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ነጥቡ ለሐኪሙ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ብቻውን ፍርድ አይደለም። ስለዚህም መጠይቁ የአለቃ መሣሪያ ሊሆን አይገባውም።

ከባቡር ዘንግ የተገኘ ትምህርት

አሁን የተዋስነውን ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይጓዝ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ ዘንግ ተሰብሮ ከሐዲዱ ወጣ። በእሳት አደጋው ከ50 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ። መሐንዲሶቹን ያስገረመው ዘንጉ በዚያ ቀን ከወትሮው የተለየ ጭነት ያልተሸከመ መሆኑ ነበር። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ያለ ችግር የተሸከመውን ነው ዛሬ ያልቻለው። በዚያን ዘመን ብዙዎች ያምኑበት የነበረው ማብራሪያ የብረቱ ባሕርይ ተለውጧል፣ ከንዝረት የተነሣ ወደ ተሰባሪ ዓይነት ተቀይሯል የሚል ነበር። በሌላ አነጋገር ጥፋቱ የብረቱ ነው ተባለ።

ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ራንኪን የተሰበሩ ዘንጎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1843 ሌላ ነገር አሳየ። ስብራቱ የሚጀምረው ዘንጉ በድንገት ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚሸጋገርበት ሹል ማዕዘን ላይ ነው። ከዚያ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር ደግሞ ለዓመታት ዘንጎችን እያሽከረከረ ሲፈትን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1870 ውጤቱን አጠቃለለ። አንድ ብረት በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው ጭነት እጅግ ያነሰ ጭነት እንኳ፣ በበቂ ቁጥር ከተደጋገመ ይሰብረዋል። ይህንን የብረት ዝለት ልንለው እንችላለን።

ከዚያ በኋላ የመሐንዲሶች አስተሳሰብ ተለወጠ። ዘንግ ሲሰበር «ይህ ብረት ለምን ደካማ ሆነ?» ብለው መጠየቁን ትተው ሦስት ጥያቄዎችን አስቀደሙ። ጭነቱ ምን ያህል ነው? ስንት ጊዜ ተደጋገመ? ጭነቱን በአንድ ነጥብ ላይ የሚያከማች ሹል ማዕዘን የት አለ? ስንጥቁን ከመሰበሩ በፊት ለማየትም መደበኛ ፍተሻ ጀመሩ።

ምሳሌው የራሱ ወሰን አለው። ሰው ብረት አይደለም። በብረት ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ ዘንጉ ስላረፈ አይድንም፤ ሰው ግን እረፍትና እርዳታ ሲያገኝ ያገግማል። ብረት ሊሰበር ሲል አይናገርም፤ ሰው ግን የሚሰማው ካገኘ ይናገራል። በእነዚህ ሁለት ልዩነቶች ምክንያት የሰውን ስብራት መከላከል የዘንግን ስብራት ከመከላከል የተሻለ ተስፋ ያለው ሥራ ነው።

ሸክምን መለካት ይቻላልን?

እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ካራሴክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የሥራን ጫና በሁለት መስፈርቶች እንድንመለከተው ሐሳብ አቀረበ። አንደኛው ሥራው የሚጠይቀው መጠን ሲሆን ሁለተኛው ሠራተኛው በሥራው ላይ ያለው የመወሰን ሥልጣን ነው። እንደ ካራሴክ አባባል ሥራ መብዛቱ ብቻውን ሰውን አይጎዳም። ጎጂው ብዙ የሚጠይቅና ለመወሰን ግን ዕድል የማይሰጥ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጄፍሪ ጆንሰንና ኤለን ሆል ሦስተኛ መስፈርት ጨመሩ፤ እርሱም ከባልደረባና ከአለቃ የሚገኝ ድጋፍ ነው። ጀርመናዊው ዮሃነስ ዚግሪስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ድካምንና ዋጋን በሚዛን አስቀመጠ። እዚህ ላይ ዋጋ ማለት ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ክብርና የዕድገት ተስፋም ነው።

እነዚህ መስፈርቶች በመረጃ ሲፈተኑ ምን ተገኘ? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በሥራ ጫናና በድብርት ሕመም መካከል ያለውን ግንኙነት መርምሯል። ቀድሞ በታተሙ ስድስት ጥናቶች መሠረት ብዙ በሚጠይቅና ጥቂት በሚያስወስን ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች 1.77 እጥፍ ነበር። ተመራማሪዎቹ በዚህ ሳይረኩ ያልታተሙ የ14 ጥናቶችን መረጃ፣ የ120,000 ያህል ሰዎችን ማለት ነው፣ ሰብስበው ሲያሰሉት ቁጥሩ ወደ 1.27 ወረደ። ለተማሪዎች ይህ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው አስደናቂ ውጤት ያለው ጥናት ከሌላው ይልቅ የመታተም ዕድል ስላለው የታተመውን ብቻ ማመን ሊያሳስት ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ቁጥሩ ቢቀንስም አለመጥፋቱ ነው። የሥራ ጫና የድብርት ብቸኛ ምክንያት አይደለም፤ የዘር ውርስም፣ የልጅነት ጉዳትም፣ ድህነትም ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ መሥሪያ ቤት በራሱ ሥልጣን ሊለውጠው የሚችለው ግን የሥራውን ሁኔታ ነው።

እስኪ አንዲት በዓባይ ቆላ ቀበሌ የተመደበች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በእነዚህ መስፈርቶች እንመዝናት። ሥራዋ የሚጠይቀው ብዙ ነው። የመወሰን ሥልጣኗስ? የምትጎበኘው ቤት ቁጥርና የምትሞላው ቅጽ ከላይ በዕቅድ ይወርዳል፤ በመካከሉ ሌላ ዘመቻ ሲመጣም ለእርሱ ትሰለፋለች። የዕድገት ተስፋዋስ? የደረጃ ዕድገት ውሱንነት በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ላይ በተጻፉ ጥናቶች ተደጋግሞ የተነሣ ጉዳይ ነው። ድጋፍስ? በዚህ ላይ ቀጥለን እንነጋገራለን። ጉዳዩ የሚመለከተው እርሷን ብቻ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የተደረገውን ሥራ የተከታተሉ ተመራማሪዎች የአገልግሎት ሰጪዎቹን ዝለት ጭምር መርምረው እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት፣ የዛለ ሠራተኛ ሌላውን ማከም እንደሚቸግረው በመገንዘብ ነው።

መሥሪያ ቤቶች ምን ያደርጋሉ?

በየመሥሪያ ቤቱ የተለመዱትን ምላሾች በአራት ልንከፍላቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው ምክር ነው። «በርቺ፣ ጠንከር በይ፣ ሁሉም ያልፋል» ይባላል። ወደ ጸበል መሄድም ይመከራል። ጸሎትና ጸበል ለብዙ ሰው ብርታት መሆናቸው አይካድም፤ ከሐኪም መድኃኒት ጋርም ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። ስሕተቱ መሥሪያ ቤቱ ምክሩን ለግሶ የራሱን ድርሻ የተወጣ ሲመስለው ነው።

ሁለተኛው ግምገማ ነው። ድብርት የያዘው ሰው ይዘገያል፣ ይረሳል፣ ሪፖርቱን አያደርስም። በግምገማ መድረክ እነዚህ ምልክቶች «ተነሳሽነት ማጣት» ወይም «የሥራ ፍላጎት ማነስ» የሚል ስም ይሰጣቸዋል። በሕመሙ ምክንያት ራሱን ሲወቅስ የቆየው ሠራተኛ አሁን ወቀሳውን በጉባኤ ፊት ይሰማል። የብረቱ ባሕርይ ተለውጧል እንዳሉት ሰዎች ሁሉ እዚህም ጥፋቱ የተሰባሪው ይሆናል።

ሦስተኛው ዝውውር ወይም መልቀቂያ ነው። ሠራተኛው ይሄዳል፤ ወንበሩና ሸክሙ ግን ባሉበት ይቆያሉ። አዲስ የሚመደበው ወጣት በዚያው ሹል ማዕዘን ላይ ይቀመጣል።

አራተኛው የአንድ ቀን ሥልጠና ነው። ስለ ጭንቀት አያያዝ በአዳራሽ ንግግር ይደረጋል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። በብሪታንያ በ233 ድርጅቶች የሚሠሩ 46,336 ሠራተኞችን መረጃ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት በግለሰብ ደረጃ የሚሰጡ የጭንቀት አያያዝና የመሳሰሉት ሥልጠናዎች ተሳታፊዎች ካልተሳተፉት የተሻለ ደኅንነት እንዳላሳዩ አመልክቷል። ጥናቱ ሰዎቹን በአንድ ወቅት ብቻ ያየ በመሆኑ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ነገር ግን በሥልጠና ብቻ የሚተማመን ሥራ አስኪያጅን ቆም ብሎ ሊያሳስበው ይገባል። እንዲሁም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ሠራተኞችን አንድ ጊዜ ብቻ ሰብስቦ የደረሰውን እንዲተርኩ ማድረግ የሥነ ልቡና ጉዳትን እንደማይከላከል ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታተሙ የጥናቶች ግምገማዎች አሳይተዋል።

አራቱም የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አላቸው፤ ሁሉም ሠራተኛውን ለመለወጥ እንጂ ሥራውን ለመለወጥ አይነሡም።

በወረዳ ደረጃ ምን ማድረግ ይቻላል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ላይ መመሪያ አውጥቷል። በዚያው ወቅት በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን ያህል የሥራ ቀናት እንደሚባክኑ ገልጿል። መመሪያው ከሠራተኛው ይልቅ አስቀድሞ ወደ ሥራው አደረጃጀት ያመለክታል፤ ለጤናና ለሰብአዊ እርዳታ ሠራተኞችም ለይቶ ምክር ይሰጣል። ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም አቀፍ ረድኤት ድርጅቶች ባወጡት የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያ የራስን ሠራተኞች የአእምሮ ጤና መጠበቅ ከአሠሪው ግዴታዎች አንዱ ተደርጎ ሰፍሯል። እነዚህን ወደ ግንደወይን፣ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ለማምጣት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ደረጃ በእጃችን ያለ አንድ ጥሩ ስም አለ። በጤናው ዘርፍ «ድጋፋዊ ክትትል» የሚባል አሠራር አለ። ሱፐርቫይዘሩ በመደበኛነት ወደ ጤና ኬላው ሄዶ ሥራውን ይመለከታል። ስሙ ሁለት ግማሾች አሉት። በተግባር ክትትሉ ቀርቶ አያውቅም፤ መዝገብ ይታያል፣ ቁጥር ይቆጠራል፣ ቅጽ ይሞላል። ድጋፉ ግን ጊዜ ሲያጥር አስቀድሞ የሚሰረዘው ግማሽ ነው። ከሁለት ሰዓት ጉብኝት ውስጥ ሃያ ደቂቃውን ለብቻው ለይቶ «በዚህ ወር ከሄድሽባቸው ቤቶች እጅግ የከበደሽ የትኛው ነው? ከእኛ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ የመሐንዲሶቹን መደበኛ ፍተሻ ያህል ነው። ስንጥቁ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ምስጢር ተጠብቆ ሸክም የሚካፈሉበት ጉባኤ ነው። በለንደን ማይክል ባሊንት ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞችን በትንሽ ቡድን እየሰበሰበ አስቸጋሪ ታካሚዎቻቸው በእነርሱ ላይ የሚያሳድሩትን ስሜት ያወያያቸው ነበር፤ ልምዱም ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። በአንድ ወረዳ የሚሠሩ ስድስት ወይም ስምንት ባለሙያዎች በወር አንድ ጊዜ ተገናኝተው፣ የተገልጋይን ስም ሳይጠሩ፣ የከበዳቸውን ጉዳይ ቢወያዩ የሙያው ምስጢር አይጣስም። ሪፖርት የማይጻፍበትና አለቃ የማይመዝንበት መሆን ግን ይኖርበታል። ደቦንና ሰንበቴን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ሦስተኛው ጭነቱን ማሰራጨት ነው። የአስገድዶ መድፈርና የሞት ጉዳዮች ሁልጊዜ ለአንዲት ባለሙያ እንዳይመሩ ተራ ማውጣት፣ ወደ ሩቅ ቀበሌ ሁለት ሆኖ መሄድ፣ አዲስ ዘመቻ ሲታከል ከነባሩ ዕቅድ ምን እንደሚቀነስ በጽሑፍ መግለጽ በወረዳ ኃላፊ ሥልጣን ሥር ያሉ ውሳኔዎች ናቸው። ዕቅድ ሲወጣ ሠራተኞቹን አስቀድሞ ማማከር ደግሞ ካራሴክ የመወሰን ሥልጣን ያለውን ያሳድጋል።

አራተኛው ሕመሙን እንደ ሕመም መቀበል ነው። ድብርት ይታከማል። በንግግር የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። መድኃኒቶቹ ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለውጥ የለም ብሎ ማቋረጥ አይገባም። በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በመሆኑ ቁጥራቸው ገና አነስተኛ ነው። ስለዚህም በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በመታገዝ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖችና ነርሶች ድብርትን ለይተው እንዲያክሙ ይሠለጥናሉ።

የሕመም ፈቃድም መብት ነው። መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ለሚሠሩት በሚያገለግለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ የሚከፈልባቸው ሲሆኑ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በየራሳቸው የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይተዳደራሉ። እግሩ የተሰበረና ልቡ የተሰበረ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ እስካመጡ ድረስ በአሠሪው ዘንድ እኩል ሊታዩ ይገባል። የሚመለሰው ሠራተኛም በመጀመሪያው ቀን የተጠራቀመው መዝገብ ሁሉ እንዳይጠብቀው፣ ሥራውን ደረጃ በደረጃ እንዲጀምር ማድረግ አስተዋይነት ነው።

እዚህ ላይ የትንሽ ከተማን ጠባይ መዘንጋት አይገባም። በግንደወይን የሚሠራ ሰው ካርድ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠውን፣ መድኃኒት የሚያድለውን፣ በተራ ወንበር ላይ አጠገቡ የሚቀመጠውን ያውቃል፤ ተራ ጠባቂው ምናልባት የእርሱ ተገልጋይ ነው። «አማካሪው ታመመ» መባልን ፈርቶ ሕክምናን ቢሸሽ አያስገርምም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው ከፈለገ በሌላ ከተማ እንዲታከም ፈቃድና የመጓጓዣ ድጋፍ ቢሰጠው፣ በፈቃድ ደብዳቤውም ላይ የሕመሙ ዓይነት እንዳይጻፍ ቢያደርግ ብዙ ያተርፋል። ሞትን የሚያስብ ወይም ራሱን ሊጎዳ እንደሆነ የተናገረ ባልደረባ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ለወደፊት ተመራቂዎች

ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ተማሪዎች መካከል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጤና፣ በማኅበራዊ ሥራ ወይም በሥነ ልቡና ተመርቀው ወደ ወረዳዎች የሚመደቡ ይኖራሉ። ጥቂቶቹም ሱፐርቫይዘርና ኃላፊ ይሆናሉ። የሥራ ባልደረባቸው ሲዝል «ለምን ደከመች?» ከማለት በፊት የተሸከመችው ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመባትና ሹሉ ማዕዘን የት እንዳለ ለመጠየቅ የፊዚክስ ዲግሪ አያስፈልጋቸውም። የድጋፋዊ ክትትል ቅጹ ላይ ከቁጥሮቹ በታች አንድ ባዶ መስመር መጨመርና ሠራተኛዋ እንዴት እንደሰነበተች ጠይቆ መልሱን በጥሞና መስማት ለመጀመሪያው ጉብኝት ይበቃል።